ለፋሲካ የተቀመጡ ብሩሾች

የትንሽ ልጅ አፍ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። እዚያ ለመድረስ ማጎንበስ፣ መንበርከክ፣ አንዳንዴም ምንጣፍ ላይ መጋደም ያስፈልጋል። የሥራ ዘመኔን በሙሉ ሳጎነብስ ኖሬ በመጨረሻ ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ጠየቀ፤ እኔም ተከተልኩት። የስንብቱ ወረቀት "በጤና ምክንያት" ይላል። የጤና ባለሙያን በጤና ምክንያት ማሰናበት ጥሩ ቀልድ ይወጣዋል፤ የጻፈው ሰው ግን ቀልደኛ አይመስለኝም።

ምን ትሠሪ ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው "የልጆችን ጥርስ ሳስቦርሽ ነበር" እላለሁ። በሙያዬ የጥርስ ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ስነቅልም ስሞላም ኖሬአለሁ። ነገር ግን ያ ሁሉ መቦረሹ ሳይሳካ ሲቀር የሚመጣ ሥራ ነው። ጠያቂው ይስቃል። "ለዚህም ደመወዝ ይከፈላል?" ይለኛል። ይከፈላል፤ መጠኑን ብነግረው ደግሞ አብረን እንስቅ ነበር።

የሙያችን ዋና ጠላት ስኳር ነው ይባላል። አልስማማም። ዋናው ጠላት "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል" የሚለው አነጋገር ነው። ከገበሬም ከፕሮፌሰርም ሰምቼዋለሁ፤ ከሁለቱም አፍ ሲወጣ እኩል ጥበብ ይመስላል። ልጅነትም እኮ ያልፋል። ያልፋል ብለን ግን ልጆቻችንን ምሳ አንከለክላቸውም።

ሥራ የጀመርኩት ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛው የማይገባባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሏ ኃላፊ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማ ሰው ነበሩ። ሙያውን ከእሳቸው ተማርኩ እላለሁ እንጂ እሳቸው ቁጭ ብለው አስተምረውኝ አያውቁም። እሳቸው ይሠራሉ፤ እኔ አያለሁ።

የጥርስ መስታወቷን ወደ ልጅ አፍ ከማስጠጋታቸው በፊት መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ያሞቋታል። ቀዝቃዛ ብረት ምላሱን የነካው ልጅ ሁለተኛ አይከፍትም። ከዚያ ወንበሩን ትተው ወለሉ ላይ ይቀመጡና መጀመሪያ የራሳቸውን አፍ ከፍተው መስታወቷን ለልጁ ይሰጡታል። ከወደኋላ አንድ መንጋጋ ጎድሏቸው ነበር። ልጆቹ ያቺን ክፍተት ባገኙ ቁጥር ፊታቸው ይበራል፤ ትልቅ ሰው የጎደለው ነገር እንዳለ ማወቅ የማያስደስተው ልጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሁሉንም ልጅ፣ ገና ያልተራመደውንም ሳይቀር፣ አንቱ ይሉ ነበር።

"ጌታዬ፣ አፍዎን እንዳይ ይፈቅዱልኛል?"

አንድ ቀን ከገጠር የመጣች እናት ልጇን እንዲህ ሲያነጋግሩት ሰምታ ሳቋን መያዝ አቃታት።

"ምነው አያ፣ ለዚህ ሱሪውን ለማይታጠቅ አንቱ?"

"ሰው ቤት ስሄድ ደጅ ቆሜ 'ቤቶች' እላለሁ" አሏት ዞር ሳይሉ። "አፍም ቤት ነው። ዝም ብዬ ዘው ልበል?"

ልጁ የተሰጠውን ክብር ላለማጣት ይመስላል አፉን እስከ ጉሮሮው ከፈተው።

አቦራረሽንም ያየሁት ከእሳቸው ነው። ብዙ ሰው ልጁን ፊት ለፊት አቁሞ ሊቦርሸው ይሞክራል፤ ያ ድብድብ እንጂ ቡረሻ አይደለም። ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የልጁን ራስ ጭን ላይ ማሳረፍ ነው፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ። የግራ እጅ ጣት ከንፈሩን ከፍ ያደርጋል። ብሩሹ ጥርስና ድድ ከሚገናኙበት መስመር ላይ ጋደም ብሎ በትንንሹ ይዞራል፤ አይፈትግም። የጥርስ ሳሙናው ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከዚያ በላይ ለሆነው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃዋል። ሲያልቅ ልጁ ይተፋል እንጂ አፉን በውሃ አይጉመጠመጥም፤ ሌሊቱን ሙሉ የምትሠራው ጥርሱ ላይ የቀረችው ያቺ ጥቂት ሳሙና ናት።

ከንፈሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚፈለገው ደግሞ ጥቁር ቀዳዳ አይደለም። ቀዳዳን ማንም ያየዋል። የሚፈለገው በድዱ ጥግ ጥግ እንደ ኖራ የነጣ ቀጭን መስመር ነው። እዚያ ደረጃ ላይ የተገኘ ጥርስ ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ ይድናል፤ በየማታው በትልቅ ሰው እጅ ከተቦረሸ።

"በትልቅ ሰው እጅ" ማለቴ በምክንያት ነው። ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ አብዛኛው ልጅ በቶሎ ራሱን እንዲችል ይመክራል። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ አባት፣ የፊት ጥርሶቹ ሟሙተው ያለቁ የሦስት ዓመት ልጁን ይዞ መጣ።

"የሚቦርሸው ራሱ ነው" አለኝ በኩራት።

"የጫማውን ክር ያስራል?"

"ገና ነው።"

"ሸሚዙንስ ይቆልፋል?"

"እናቱ ናት የምትቆልፍለት።"

"ታዲያ ከሁሉም የሚከብደውን ለምን ለእሱ ተዋችሁት?"

አባትየው ጥሩ ሰው ነበር፤ ሳቀ። "ጡጦውንም ራሱ ነው የሚይዘው፣ ሲስተር" አለኝ። ምን ያለበት ጡጦ እንደሆነ ጠየቅሁት። ስኳር ያለው ወተት፣ ተኝቶም ከአፉ የማይወጣ። እዚያ ላይ ሁለታችንም መሳቅ አቆምን።

ከጎንደር ወደ ትክል ድንጋይ ከተማ ተዛወርኩ። እዚያ የትምህርት ቤት ልጆች ሜዳ ላይ ተሰልፈው በመዝሙር ይቦርሹ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ትርኢቱ ያምራል፤ ፎቶም ይነሣል። እኔ ከኋላ ቆሜ ስመለከት ብሩሾቹ ሁሉ የሚመላለሱት የፊት ጥርሶች ላይ ብቻ ነበር፤ ፎቶ ላይ የሚወጡት እነሱ ናቸውና። መዝሙሩን እንቀንሰውና ወላጆችን እንጥራ ብል አስተያየቴ "የልጆቹን ስሜት የሚጎዳ" ተባለ። ለዚህ አስተያየቴ ይሁን ለሌላው፣ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተመደብኩ።

አምባ ጊዮርጊስ ወደ ሰሜን የሚያልፈው አውቶቡስ ሁሉ የሚቆምባት፣ ነፋሷ ጆሮ የሚቆነጥጥ ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከገብሱና ከባቄላው ጎን ከረሜላ በየመደቡ ይፈስሳል። ሥራዬ የአፀደ ሕፃናት ልጆችንና እናቶቻቸውን ማስተማር፣ ቤት ለቤትም እየዞሩ ማየት ነበር። በዚያን ጊዜ የነበሩት ኃላፊያችን ፖስተር ይወዳሉ። ፖስተሩ ላይ አረፋ የሞላው አፍ ያለው ልጅ፣ ውሃው እንደ ልብ የሚወርድ ቧንቧና በመስኮት የምትገባ ፀሐይ አሉ፤ ከሥሩ "ጠዋት ከእንቅልፋችሁ እንደተነሣችሁ ጥርሳችሁን ቦርሹ!" ይላል። የከተማዋ ቧንቧ ውሃ የሚሰጠው ደስ ሲለው ነበር፤ ይህ ግን ከችግሮቹ ሁሉ ትንሹ ሆኖ ተገኘ። ብሩሾቹን ለእናቶች ያደልነው ሁዳዴ በገባ ሰሞን ነው። እናቶቹ መረቁን፤ ኃላፊያችን ንግግር አደረጉ፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ቤት ለቤት መዞር ስጀምር እናኑ የምትባል እናት ቤት ገባሁ። እናኑ ገበያ ላይ ድንች ትሸጣለች፤ ድዷን የተነቀሰች፣ ጥርሷ ለማስታወቂያ የሚበቃ ሴት ናት። እሷ ያደገችው በመፋቂያ ነው። (መፋቂያን የሚያወድሱ ጽሑፎች አንብቤአለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። የጻፏቸው ሰዎች የአራት ዓመት ልጅ ጥርስ በወይራ እንጨት ለመፋቅ ሞክረው የሚያውቁ ግን አይመስለኝም።) ልጆቿ ሁለት ናቸው፤ ቢሻው ሰባት ዓመት አልፎታል፣ እህቱ ማሬ አራት ዓመቷ ነው።

ምሰሶው ላይ፣ ከሥዕለ ማርያም አጠገብ፣ ሁለቱ ብሩሾች ከነፕላስቲካቸው በክር ተንጠልጥለዋል።

"ምነው እናኑ፣ አልተከፈቱም?"

"ለፋሲካ አስቀምጨላቸው ነው።"

"ለፋሲካ?"

"ታዲያስ! ልጆቹን እሑድ እሑድ አቆርባቸዋለሁ። ጠዋት ውሃ አፋቸው ውስጥ ገብቶ ጠብታ ብትወርድባቸውስ? ጠዋት ጠዋት ያልሽው አንች ነሽ።"

"እሑድ ይቅር። በሌላው ቀንስ?"

"ከለመዱት እሑድም ይረሱታል፤ ልጆች ናቸው። ፋሲካ ሲደርስ ከአዲስ ልብሳቸው ጋር አወርድላቸዋለሁ ብየ ነው። ሸጋ አድርጌ ነው የሰቀልኋቸው፣ አቧራ እንኳ አልነካቸውም።"

ጎረቤቶቿም ቤት እንደዚያው ነበር። የሚቆርብ ሰው ከቅዳሴ በፊት ውሃም ቢሆን በጉሮሮው እንዳያልፍ የሚጠነቀቅበት አገር ውስጥ፣ በሁዳዴ መግቢያ፣ "ጠዋት እንደተነሣችሁ" ብለን ብሩሽ አድለን ነበር። የጥርስ ብሩሽ እንደ ፋሲካ ቀሚስ የተከበረበት ሌላ ቦታ ሰምቼ አላውቅም። የሚያሳዝነው ደግሞ ጠዋቱ ያን ያህል አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። ሰው ሲተኛ ምራቁ ይቀንሳል፤ ጥርስ ብቻውን የሚቀረው ሌሊት ነው። የሚበልጠው የማታው ቡረሻ ነበር። ፖስተሩ ላይ ግን ፀሐይ ታምራለች።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ቢሻውን አየሁት። ጉንጩ ላይ ነጠላ ጠምጥሞ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

"ምን ሆነህ ነው?"

መልስ የሰጠችኝ እናኑ ናት። "ጥርሱን አሞታል። የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቅለታል ብየ ነው።"

የወተት ጥርስ አልነበረም። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አንድ አንድ ትልቅ መንጋጋ በየጥጉ ይበቅላል። የወለቀ ነገር ስለሌለ ማንም አያስተውለውም፤ ያየውም ሰው ከወተቶቹ ይቆጥረዋል። ያ ጥርስ ግን እስከ ሽምግልና የሚኖር፣ ተተኪ የሌለው ነው። የቢሻው የታችኛው መንጋጋ ከብሩሾቹ መምጣት በፊት ተበልቶ አልቆ ኖሯል። ትኩሳት ነበረው፤ እብጠቱም ወደ አንገቱ መውረድ ጀምሯል። በማግስቱ ማለዳ ከእናኑ ጋር ልጁን በመኪና ይዘን ጎንደር፣ አንድ ክሊኒክ ገባን።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ስሕተት አይቻለሁ። ከሁሉም የከፋውን ውድቀት ያየሁት ግን ማንም ባልተሳሳተበት በዚያ ቀን ነው። የነቀለው ሐኪም ወጣትና ጠንቃቃ ነበር። ማደንዘዣውን በሚገባ ወጋ፤ ጠበቀ፤ ጨመረ። መግል በሞላው ሥጋ ውስጥ ማደንዘዣ እንደሚገባው አይሠራም፤ እብጠቱ ደግሞ ቀን የሚሰጥ አልነበረም። ልጁ ታገለ። ሐኪሙ "እናት፣ እጁን ያዢልኝ" አላት፤ ሁሉም ክሊኒክ ውስጥ የሚባል ነገር ነው። እናኑ የልጇን ሁለት እጆች ደረቱ ላይ አጥብቃ ያዘች። እኔ መብራቱን አቀናለሁ። ቢሻው ሲጮኽ ያየው ሐኪሙን አልነበረም። እናቱን ነበር።

ጥርሱ ወጣ፤ ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ለቀቀው። በሕክምና ቋንቋ ታካሚው ድኗል። ቢሻው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለእናቱ አፉን አልከፈተም። ይበላል፣ ይናገራል፤ እጇ ወደ ፊቱ ከቀረበ ግን ከንፈሩን ጥርቅም አድርጎ ፊቱን ያዞራል። ፊቱን ራሱ መታጠብ ጀመረ። ነገሩ ከዚህም አለፈ። የቀሩት ሦስት ትልልቅ መንጋጋዎቹ በየማታው ካልተቦረሹ የመጀመሪያውን እንደሚከተሉ ግልጽ ነበር። ማሬን ደግሞ አንድ ቀን ከንፈሯን ከፍ አድርጌ ሳያት ከላይ ባሉት የፊት ጥርሶቿ ድድ ሥር ያ እንደ ኖራ የነጣ መስመር ተጀምሯል። ገና የሚድን ነው። ግን ሁለተኛ ልያት ስል ወንድሟ ከኋላዬ "እንዳትከፍችላት! ይነቅሉሻል!" አላት። ከእሱ የሚበልጥ ሊቅ በምድር ላይ የላትም፤ አፏን ዘጋች።

መጀመሪያ የሰዓቱን ነገር ላስተካክል ብዬ የእናኑን ንስሐ አባት፣ መምሬ ታከለን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቄ አነጋገርኳቸው።

"ልጆቹ ማታ ከራት በኋላ፣ ሳይተኙ፣ ጥርሳቸውን ቢቦርሹ ለእሑዱ ቁርባን ያሰናክላል?"

"ማታ?" አሉኝ ቆም ብለው። "ማታማ ምን ከልክሎ? ንጹሕ አፍ ይዞ መተኛት ሸጋ ነው እንጂ።"

"ሴቶቹ ጠይቀዎት ነበር?"

"ጠይቀውኛል። ጠዋት ቢቦርሹስ አሉኝ። ሊቆርቡ ሲሉ አይሆንም አልኋቸው።"

"ማታ ይሻላል አላሏቸውም?"

"ስለ ማታ ማን ጠየቀኝ፣ ልጄ? ጠዋት ያላችሁት እናንተ። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ?"

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው ለእናቶቹ ተናገሩ፤ በዚያው ሳምንት ብሩሾቹ ከየምሰሶው ወረዱ። በጥቂት ቃል የእኛ ፖስተር በሳምንታት ያልሠራውን ሠሩት። የእናኑም ብሩሾች ወረዱ። ግን የሚከፈትላቸው አፍ አልነበረም።

የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። መስታወቷን አሞቅሁ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፣ አንቱ አልኩት። ቢሻው በትሕትና አዳመጠኝና ተነሥቶ ወጣ። እናኑ ደግሞ በሰው ፊት የማታለቅስ ሴት ናት፤ ድንቿን እየለየች አንገቷን ሳታነሣ "አንድ ቀን ስስመው እንኳ ጉንጩን አዞረብኝ፣ ሲስተር" አለችኝ። ጉዳዩ የጥርስ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

የዚያን ሰሞን ጎንደር ወርጄ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ጡረታቸውን የሚያሳልፉት ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ። ጓሯቸው ውስጥ ጌሾ ውሃ ያጠጡ ነበር። ሁሉንም ተረኩላቸው፤ ማደንዘዣውን፣ መግሉን፣ ሐኪሙን። ስለ ጥርሱ አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

"እጁን ማን ያዘው?" አሉኝ።

"እናቱ።"

የውሃውን ጣሳ አስቀመጡ። "እኔ እናት አላሲዝም ነበር። ከእኔ ሸሽቶ የሚጠጋት ሰው ያስፈልገዋል ብዬ" አሉ። "እንግዲህ ሆነ። ልጁ ብሩሽ አልፈራም፣ አንቺንም አልፈራም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"አንቺማ ምንም። አትንኪው። የዘጋው ለእናቱ ነው፤ ከከፈተም ለእሷ ነው። መጀመሪያ እሷ ትክፈትለት።"

"የእሷን ጥርስ ይቦርሽ ማለትዎ ነው?"

"ያሳምማት። ትንሽ ያሳምማት፤ ድዷን ይላጣት። እሷም እጇን አጣጥፋ ትቻለው።" ጣሳቸውን መልሰው አነሡ። "ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቀውም።"

እኔ ጥሩ ምክር ስሰማ መከራከር ይቀናኛል። በመንገዱ ሁሉ ስከራከር ተመለስኩ፤ የሰባት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን የሚያውቅ ሰው እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ መምከር ሙያ ነው ወይ? ቢሆንም ለእናኑ ነገርኳት፤ ሌላ ያልሞከርኩት መንገድ አልነበረማ። ለእሷም አንድ ብሩሽ ሰጠኋት።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከራት በኋላ፣ ቤታቸው ሄድኩ። እናኑ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላ ራሷን በቢሻው እግር ላይ አሳርፋለች፤ ቢሻው ግድግዳውን ተደግፎ ብሩሹን እንደ ጦር ይዟል። ማሬ ከጎን ተቀምጣ ትስቃለች። የእኔ ድርሻ ባትሪ ማብራት ብቻ ነበር።

"ክፈች" አላት።

ከፈተች። ቢሻው እንደ ድስት ሲፈትጋት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ኧረ ቀስ! ድዴን ላጥኸው አንተ!"

"አትንቀሳቀሽ እማ! ስትንቀሳቀሽ ነው።"

"ሲስተር በክብ ነው ብላለች" አለች ማሬ።

"አንች ዝም በይ፣ አንች ምን ታውቂያለሽ?" ብሎ ግን ማዞር ጀመረ። ከንፈሯን በጣቱ ከፍ አድርጎ የተነቀሰ ድዷን በቅርብ ተመለከተ፤ ከዚህ በፊት እንዲህ አይቶት የሚያውቅ አይመስልም። "እዚህ ጋ ጥቁር ነው" አለ። "ያምሻል?"

አፏ ስለተያዘ በዓይኗ አይ አለችው።

"ያን ጊዜስ አሞሽ ነበር? ሲወጉሽ?"

ብሩሹን አወጣላት። "በጣም" አለች። "ልጅ ነበርሁ። አክስቴ ነች ጨምድዳ የያዘችኝ።"

"ትፊ" አላት።

ጣሳ ውስጥ ተፋች። ተቀመጠች። ቢሻው ብሩሹን በጣቶቹ እያዟዟረ ቆየ። እኔ የባትሪውን ብርሃን መሬት ላይ አደረግሁት።

"እኔን ስትቦርሽኝ እጄን ትይዥኛለሽ?" አላት ድንገት።

"አልይዝህም።"

"ያን ቀንም አልይዝህም ብለሽ ነበር?"

"ያን ቀን ምንም አላልሁህም" አለች እናኑ። "ዝም ብየ ያዝሁህ።"

እዚህ ላይ ስለ ትኩሳቱና ስለ እብጠቱ፣ ባትይዘው ኖሮ ሊደርስ ይችል ስለነበረው ነገር የማስረዳት ፍላጎት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሁሉም እውነት ነበር። ዋጥኩት።

ቢሻው የራሱን ብሩሽ ከኪሱ አወጣ። ቀስ ብሎ ዞረና ራሱን ጭኗ ላይ አሳረፈ። አፉ ግን እንደተዘጋ ነው፤ በተዘጋ ከንፈሩ መሐል "ሌላው እጅሽ የት አለ?" አለ።

እናኑ ግራ እጇን ከፊቱ በላይ፣ እሱ በሚያየው ቦታ፣ ጣቶቿን ዘርግታ ወደ ላይ አነሣችው።

"ይኸውልህ።"

"እንዳታወርጅው።"

"አላወርደውም። ከንፈርህን ራስህ አንሣልኝ።"

ያስተማርኩት አያያዝ እንዲህ አልነበረም። ግራ እጅ ሥራ አለው፤ ከንፈር ያነሣል፣ አገጭ ይደግፋል፤ በአንድ እጅ የኋላ መንጋጋ በደንብ አይደረስም። ቢሻው የራሱን ከንፈር በራሱ ጣት ከፍ አድርጎ አፉን ከፈተ፤ እኔም ባትሪውን ቀና አደረግሁ። በተነቀለው ቦታ ድዱ ሮዝ ሆኖ ድኗል። ሦስቱ ትልልቅ መንጋጋዎች በየጥጋቸው አሉ፤ አንዱ ጠቆር ብሏል፣ ሁለቱ ነጭ ናቸው። እናኑ ከነጮቹ ጀመረች። ብሩሹን በትንንሹ፣ ይሰበርብኛል ብላ የምትፈራው ዕቃ የያዘች ያህል ተጠንቅቃ ታዞረው ነበር። ልጁ ብሩሹን አላየም፤ እኔንም አላየም። ዓይኑን ከላይ ካለው እጅ ላይ አልነቀለም።

"የእኔ ተራ መቼ ነው?" አለች ማሬ፣ ከንፈሯን በሁለት ጣቶቿ ወደ ላይ ገልብጣ እየጠበቀች።

"ቆይ፣ የኋላው ይቀራል" አለቻት እናቷ። ቀኑን ሙሉ ድንች ስታወርድና ስትጭን የዋለችበት ግራ እጇ ዝሏል። አላወረደችውም።